ዘግይቶ የጮኸ ደወል

አስከሬኑ ከጥናት ተቋሙ ደረጃ ሥር፣ ግቢው ላይ፣ በነጭ የላቦራቶሪ ጋወን ተሸፍኖ ተጋድሟል። ጋወኑ ስላጠረ ጫማዎቹ ወጥተው ይታያሉ። ተረከዛቸው ተልጧል፤ ሰውየው ተጎትተው ነው የወጡት።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጋወኑን ገለጥ አደረገች። ስልሳዎቹን የተሻገሩ፣ ጺማቸው በአጭሩ የተከረከመ ሰው ናቸው። ፊታቸው ላይ የመታገል ምልክት የለም። ቀትር ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ የጣላቸው ይመስላሉ። ኪሳቸውን ስትፈትሽ መሐረብ፣ መነጽርና ሰማያዊ ብርሃን የምትሰጥ አውራ ጣት የምታክል የእጅ ባትሪ አገኘች።

ይህችን መርማሪ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን በመሆኗ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ያላየው ቀዳዳ ለእሷ በቂ ስለሆነ ነው።

«ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች፤ በሩ ላይ የቆሙትን ጥበቃ። ጡረታ የወጡ ወታደር ስለሆኑ ሁሉም «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚላቸው።

«ጋሽ ቀስ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን በእሱ የሚጠራቸው የለም። የጥንት እንጨት ነው የሚጠግኑት፤ በር፣ ወንበር፣ ሣጥን። ሰው ዕቃ ሲያነሳ ባዩ ቁጥር ‹ቀስ፣ ቀስ› ይላሉ። እኔንም ስራመድ ቀስ በል ይሉኝ ነበር፤ ወለሉ የድሮ ነው ብለው።»

«የት አገኟቸው?»

«ማፈኛው ውስጥ» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ማፈኛው የሚባለው በምድር ቤቱ ኮሪደር ጫፍ ላይ የምትገኝ፣ የብረት በር ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ነቀዝ የገባበት የቅርስ ዕቃ እዚያ ይቀመጥና በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ ናይትሮጅን ያለማቋረጥ ይለቀቅበታል። ነቀዙ ኦክስጅን አጥቶ ውሎ አድሮ ይሞታል፤ እንጨቱን ግን መርዝ አይነካውም። ችግሩ ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የሌለው መሆኑ ነው። ሰው ቢገባበት ጥቂት ተንፍሶ፣ መታፈኑን እንኳ ሳያውቅ ይወድቃል። ለዚህም ከበሩ ጎን የኦክስጅን መለኪያ ሣጥን ተሰቅሏል። ቁጥሩ ሃያ አንድ ካለ ውስጥ ያለው አየር ሰው የሚኖርበት አየር ነው። ከዚያ ርቆ እያለ በሩ ከተከፈተ ደወሉ ይጮኻል።

መርማሪዋ ከሃምሳ አለቃ ጋር ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ሣጥኑን አየችው። ሃያ አንድ ይላል።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለች።

«ከሰዓት በኋላ ስዞር በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ አየት አደረግሁ። ጫማ አየሁ። ስከፍተው ጋሽ ቀስ በግንባራቸው ተደፍተዋል። እግሬን ሳስገባ ራሴን አዞረኝ፤ ተመልሼ ኢንጂነሩን ጠራሁት። እሱ ማናፈሻውን አስነሳ፣ ትንፋሻችንን ይዘን ገብተን ጎትተን አወጣናቸው።»

«ሲከፍቱት ደወሉ ጮኸ?»

«የለም፤ ጭጭ ነው ያለው። የጮኸው እኛ ካወጣናቸው በኋላ ነው፣ አየሩ ሲጸዳ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ በደወል ተነስቼ በደወል የተኛሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ እንዲያውም ‹አሁን ምን ይሠራል› ብዬ ተሳድቤአለሁ።»

«ማን አጠፋው?»

«አላየሁም። እኔና ኢንጂነሩ ተሸክመናቸው ወደ ግቢ ወጣን። ልጃቸውም ከላይ ስትሮጥ መጥታ ተከተለችን። ፕሮፌሰሩ አምቡላንስ ልጥራ ብለው ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ስንመለስ ጸጥ ብሏል።»

«ከውጭ ሰው ገብቶ ነበር?»

«ከየት አምጥቶ? በሩ በካርድ ነው የሚከፈተው። ካርዱ እምቢ ያለው ሰው እንኳ እኔን ነው የሚለምነው። ዛሬ ፕሮፌሰሩ ጠዋት በራሳቸው ካርድ ገብተው፣ ከምሳ ሲመለሱ ግን አልሠራ ብሏቸው እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው። ሌላው ሰው በየካርዱ ነው የገባው፤ እንግዳ የሚባል አልነበረም።»

ስለዚህ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ጥቂቶች ነበሩ። የነፍሳት ዘረ መል ተመራማሪዋ የሟቹ ልጅ፤ መሣሪያዎቹን የሚቆጣጠረው ኢንጂነር የልጅቱ ባል፤ የምርምር ኃላፊው ፕሮፌሰር፤ እና ሃምሳ አለቃ።

ኢንጂነሩ በወርክሾፑ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። አማቱን በብብታቸው ይዞ የጎተተው እሱ ነው።

«መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን?» አለችው።

«ፈትሼዋለሁ። ጤነኛ ነው።» እንዲህ ማለቱ ራሱን እንደሚጎዳው ሳያውቅ የቀረ አይመስልም፤ ሆኖም መልሱን አልለወጠም።

«ጋሽ ቀስ ሃያ አንድ የሚለውን ሳያዩ ይገባሉ?»

«ጋሼ? መንገድ ሲሻገሩ እንኳ ሦስት ጊዜ ነው የሚያዩት።»

«መለኪያው ሃያ አንድ መሆኑን በምን ያውቃል?»

«እኔ ነኝ የማስተምረው። ክፍሉን በደንብ አናፍስና ማግኔት ሣጥኑ ላይ ካለው ምልክት አስጠጋለሁ። ያን ጊዜ ውስጥ ያለውን አየር ‹ይኼ ሃያ አንድ ነው› ብሎ ይይዛል።» ተነስቶ ከመሳቢያ ወፍራም የብረት ሣጥን አወጣና ከፈተ። እንደ እስክሪብቶ ያለች ማግኔት ውስጡ ተኝታለች። «ኃይለኛ ስለሆነች ነው እዚህ የማስቀምጣት። ሰዓትም ስልክም አታስጠጊባት።»

«መሳቢያው ይቆለፋል?»

«አይቆለፍም። ሁላችንም ያለችበትን እናውቃለን።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ማግኔቷን አየቻት። «ሚስትህና አባቷ ተኳርፈው ነበር አሉ።»

ኢንጂነሩ ሣጥኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። «እሷን ጠይቂያት» አለ፤ «እኔ በመሃል ቆሜ የሁለቱንም ፊት ሳይ ነው የከረምኩት።»

ልጅቱን ባልደረቦቿ በፍቅር «ዶክተር ነቀዝ» ይሏታል። ላቦራቶሪዋ ፎቅ ላይ ነው፤ መደርደሪያው በብልቃጥ ተሞልቷል፣ በየብልቃጡ ውስጥ የእንጨት ቁራጭ፣ በየቁራጩ ላይ ደግሞ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ቡናማ ነቀዞች። ዓይኗ አብጧል። ቢሆንም የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች።

«እዚህ የማረባው መካን የሆኑ ወንዶችን ነው። ከዱር ሴቶች ጋር ሲገናኙ ዘር አይገኝም፤ ነቀዙ እየመነመነ ይሄዳል። ማፈኛም መርዝም አያስፈልግም። የጀመርኩትም ለአባዬ ብዬ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ከነቀዝ ጋር ሲታገል ስላየሁት።»

«እሳቸውስ?»

«‹ሰው የሠራው ነቀዝ ዕቃዬ አጠገብ አይደርስም› አለ። እኔም ሳይፈቀድ አልለቅም አልኩት፤ በዚህ ተስማምተን ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ይሆናል፣ አንድ ቀን ንጹሕ የነበረ ወንበር ሥር አዲስ የእንጨት ዱቄት አገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋኝ። ቤት ስሄድ ተነስቶ ጓዳ ይገባል። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አልነገረኝም።»

«አልጠየቅሻቸውም?»

«እልኸኛ የእልኸኛ ልጅ ነኝ» አለችና ፊቷን አዞረች።

መርማሪዋ ትንሿን ባትሪ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ልጅቱ ባየቻት ጊዜ ደነገጠች።

«ይህቺ የኔ ናት። ከየት አመጣሻት?»

«አባትሽ ኪስ ውስጥ ነበረች። ለምን ታገለግላለች?»

ልጅቱ መጋረጃውን ስባ ክፍሉን አጨለመችና ባትሪዋን አብርታ ወደ አንዱ ብልቃጥ አዞረች። የነቀዞቹ ዓይኖች ጨለማው ውስጥ አረንጓዴ ሆነው በሩ። «ምልክት እንዲሆነን በዘራቸው ውስጥ ያስገባነው ነው። ከዱሩ ነቀዝ የምንለያቸው በዚህ ነው። የዱሩ አይበራም።»

«ሌላ ቀለም አለ?»

«ቀይ ነበረ። የፕሮፌሰሩ የመጀመሪያው ዘር። መካንነቱ አላስተማመነም፤ ከመካከላቸው የሚወልዱ ተገኙ። አሁን የለም፣ ተቃጥሏል።»

«ማን አቃጠለው?»

«ራሳቸው።»

ፕሮፌሰሩ መርማሪዋን በአክብሮት ተቀብለው ወንበር ሳቡላት። ከጋሽ ቀስ ጋር የሠላሳ ዓመት ጓደኛሞች መሆናቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ሐዘናቸው የውሸት አይመስልም ነበር፤ መርማሪዋም ይህን በልቧ ያዘች።

«ከላይ ሆኜ ደወሉ ሲጮህ ሰማሁ» አሉ። «ስወርድ ሃምሳ አለቃው ገና በሩን እየከፈተ ነው፤ ደወሉ ይጮኻል። ምስኪን ጋሽ ቀስ፣ ጆሮው ደክሞ ነበር። ደወሉን ሳይሰማ ገባ።»

«ጆሯቸው ደክሞ ነበር?»

«ሽማግሌ ነው እኮ።»

«ደወሉን ማን አጠፋው?»

«ራሱ ቆመ መሰለኝ። በዚያ ሰዓት ማን ልብ ይላል?»

መርማሪዋ አመስግናቸው ወጣች። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወርዳ ማፈኛው ውስጥ የነበረውን ወንበር አስወጣች። ክንዱ ላይ የወይን ሐረግ የተቀረጸበት ያማረ ሥራ ነው፤ እግሮቹ ግን እንደ ወንፊት ተበሳስተዋል። ነጭ ወረቀት አንጥፋ እግሩን በጣቷ መታ መታ ስታደርገው ዱቄቱና ጥቂት የሞቱ ነቀዞች ረገፉ። መብራቱን አጥፍታ በባትሪዋ አየቻቸው። ብዙም ሳትቆይ መብራቱን መልሳ አበራች፤ ወረቀቱንም አጥፋ ያዘች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ላይኛው ፎቅ ላይ ወዳለው የስብሰባ አዳራሽ እንዲመጡ አደረገች። በሩ በካርድ የሚከፈት ነው። «እያንዳንዱ ሰው በገዛ ካርዱ ይግባ» የሚል መልእክት ልካለች። እሷ ከውስጥ ተቀምጣ ጠበቀች።

መጀመሪያ ልጅቱ ገባች። ቀጥሎ ኢንጂነሩ። ሃምሳ አለቃ ጥቁር የለበሱትን የሟቹን ባለቤት ደግፈው አስገቡና ከልጃቸው ጎን አስቀመጧቸው። በመጨረሻ በሩ ተንኳኳ። ኢንጂነሩ ተነስቶ ሲከፍት ፕሮፌሰሩ ቆመዋል።

«ይቅርታ፣ ይህ ካርድ አስቸገረኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ሰንብቷል።»

ሃምሳ አለቃ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ትናንት ጠዋት ሠርቶልዎት ነበር እኮ፤ አጠገብዎ ቆሜ ነው የገቡት።»

«እንግዲያው ትናንት ነዋ» አሉ ፕሮፌሰሩና ተቀመጡ።

መርማሪዋ ጊዜ አላባከነችም።

«ጋሽ ቀስ ሃያ አንድ ሳይሉ የማይገቡ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ሲገቡ ሣጥኑ ሃያ አንድ ብሏቸዋል። ክፍሉ ግን ናይትሮጅን ሞልቶት ነበር። በሌላ በኩል ኢንጂነሩ መለኪያው ጤነኛ ነው ይላል፤ እኔም አስፈትሼው ጤነኛ ነው። ይህ ነበር ያልገባኝ፤ መልሱን የሰጠኝ ደወሉ ነው። ሃምሳ አለቃ በሩን ሲከፍቱ፣ ሰው የሚገድል አየር ሳለ፣ ዝም አለ። ንጹሕ አየር ሲገባ ጮኸ። መጥፎውን ጥሩ፣ ጥሩውን መጥፎ ያለ መሣሪያ ነው። የተበላሸ መሣሪያ እንዲህ አይገለበጥም። የተሳሳተ ትምህርት የተሰጠው መሣሪያ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ኢንጂነሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቀድሞ ገብቶታል።

«ክፍሉ ናይትሮጅን እንደ ሞላ አንድ ሰው ማግኔቷን አስጠጋ። መለኪያው ‹ሃያ አንድ ይኼ ነው› ብሎ ያዘ። በኋላ እውነተኛ አየር ሲገባ ቁጥሩ ከልክ አልፎ ወጣ፣ ደወሉም ጮኸ። ያ ሰው ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ሲቀር በንጹሕ አየር ላይ ማግኔቷን ደግሞ አስጠጋት፤ ደወሉ ቆመ፣ መለኪያውም ተስተካከለ። ዛሬ ማለዳ ይህንኑ በባዶ ክፍል ሞክረነው ልክ እንዲህ ሆኗል።»

«ማግኔቷ የኢንጂነሩ ናት» አሉ ፕሮፌሰሩ በዝግታ። «እንዲህ ማለት ይከብደኛል፤ ግን የሱ ናት።»

«የሱ ናት። ሆኖም ኃይለኛ መሆኗን ስለሚያውቅ ከብረት ሣጥኗ አውጥቶ ኪሱ አይከታትም። ከመግቢያ ካርድ ጋር አንድ ኪስ ከገባች ካርዱ መረጃውን የሚይዝበትን ጥቁር መስመር ትደመስሰዋለች። የኢንጂነሩ ካርድ አሁን በሩን ከፍቷል። የልጅቱም ከፍቷል። ጠዋት ሠርቶ ከምሳ በኋላ የሞተው የእርስዎ ካርድ ብቻ ነው።»

«ካርድ በብዙ ነገር ይበላሻል።»

«ይበላሻል። በካርድ ብቻ ሰው አልከስም። ግን ሃምሳ አለቃ በሩን ሲከፍቱ ደወሉ ይጮህ ነበር ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጋሽ ቀስ ደወሉን ሳይሰሙ ገቡ ለማለት ደወል ያስፈልግዎ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ፕሮፌሰር። ከእርስዎ በቀር የጋሽ ቀስን ጆሮ ነገር ያነሳልኝ ሰው የለም።»

«የጋሼ ጆሮማ ጓዳ የወደቀች መርፌ ይሰማል» አለ ኢንጂነሩ፤ እጁን ከፊቱ ሳያነሳ።

መርማሪዋ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ መጋረጃውን እንዲስቡላት ጠየቀች። ባትሪዋን አበራች። ወረቀቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ዓይኖች ፍም መሰሉ።

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሳች። «ቀይ ነው» አለች፤ ድምፅዋ እምብዛም የሚሰማ አልነበረም። «አቃጥያለሁ ብለውናል።»

«አላቃጠሉትም። ሳያስፈቅዱ ዕቃ ቤት ውስጥ ለቀቁት። እዚያ ነቀዝ መነመነ ብለው በጉባኤ ያቀረቡትን ጥናት አይቻለሁ፤ ውጤቱ ከዚያ የመጣ ነው። የሚወልዱት ግን ወልደው፣ ልጆቻቸው እንጨቱን በሉት። ጋሽ ቀስ ደረሱበት።»

መጋረጃው ሲከፈት ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ሳይሆን የጓደኛቸውን ባለቤት ያዩ ነበር። ሴትዮዋም ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«ትናንት ጠዋት ለሌላ ሰው ሳይናገር ወደ እኔ መጣ» አሉ ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ። «እንዲህ ነው እሱ። ‹ነገ አንተው ራስህ ለቦርዱ ንገራቸው፤ ከኔ አፍ ከሚሰሙት ይሻልሃል› አለኝ። ትንሽ ቀን ስጠኝ አልኩት። ‹በያንዳንዱ ቀን አንድ ወንበር ይበላል› አለ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ስም በአንድ ጠዋት... » አረፍተ ነገሩን ተዉት። «ክፍሉን አናፍሼዋለሁ፣ ወንበሩን አውጣና አሳየኝ አልኩት። አመነኝ።»

«ሣጥኑንም አይተው ነበር» አለች መርማሪዋ። «እርስዎን ብቻ አምነው አልገቡም። ይህን ስለሚያውቁ ነው ሣጥኑንም ያስዋሹት።»

ውጭ ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ገብተው ወሰዷቸው። በሩ ተዘጋ። ልጅቱ እዚያው እንደ ቆመች ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት መርማሪዋን። «ባትሪዋን ከኔ ክፍል የወሰደው የነቀዞቹን ዓይን ሊያይ ነው። አረንጓዴ ይሆናሉ ብሎ ነው። እኔን ጠርጥሮኝ ነበር፣ አይደል?»

መርማሪዋ ማጽናኛ ውሸት መናገር አታውቅበትም። «አዎ» አለች። «ጠርጥረውሽ ነበር።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ ከአፋቸው አነሱ።

«ትናንት ለምሳ ወደ ቤት መጣ» አሉ። «ለምሳ ወደ ቤት መጥቶ አያውቅም። ስንት ጊዜ ያልሳቀ ሰው ብቻውን ፈገግ ይላል። ምን አገኘህ ስለው ‹የልጄ አረንጓዴ ነው፣ ይሄ ቀይ ነው› አለኝ። አረጀ፣ መቃዠት ጀመረ ብዬ ደነገጥኩ። ምኑ ነው አረንጓዴ ብለው ‹ማታ ቤቷ እንሄዳለን፣ በደንብ ልበሺ፣ እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው› አለ። እኔማ ቀሚሴን አውጥቼ ተኩሼ ጠበቅሁት።»

ልጅቱ እናቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከትናንት ጀምሮ እንባዋ ሲፈስ ነበር፤ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ኢንጂነሩ ሊጠጋት አሰበና ተወው፤ ሃምሳ አለቃም ወደ መስኮቱ ዞሩ። እናትየው የልጃቸውን ጸጉር በጣታቸው እየለዩ ጠበቋት።

ለቅሶው ሲበርድ «ተነሽ» አሏት። «አንድም ቀን እዚህ መጥቼ አላውቅም። እስቲ የሚሠራበትን ቦታ አሳይኝ።»

ልጅቱ ፊቷን ጠርጋ ተነሳችና የእናቷን ክንድ ያዘች። ደረጃውን ተደጋግፈው ወረዱ።